ጎረቤት ሲረብሽ ለማን ይነገራል? የእንግሊዝ አሠራር ለሐበሻ ነዋሪ

ለንደን ውስጥ በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) ፍላት የሚኖር ሐበሻ ስለ ጎረቤቱ ሲያማርር መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ከላይ ያለው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ይከፍታል። ደረጃው ላይ ጎረምሶች ተሰብስበው ያጨሳሉ። ሊፍቱ ሽንት ሽንት ይላል። «ለካውንስል ተናግረሃል?» ሲባል የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። «ተወው፣ ምን ያደርጋሉ ብለህ ነው» ወይም «አንዴ ደውዬ ነበር፣ ጠብ ያለ ነገር የለም»።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የሁለተኛው ሰው መልስ ነው። ሰውዬው አልዋሸም። ደውሏል፣ የመጣለትም የለም። ግን የእንግሊዝ አሠራር በአንድ ስልክ አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው ነገሩ ሲደጋገም፣ ቀንና ሰዓቱ ተጽፎ ሲቀርብ፣ የዛሬው አቤቱታ ካለፈው ወር አቤቱታ ጋር ሲያያዝ ነው። በአገራችን ልማድ ቀርቦ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ሰው አስመስክሮ መናገር ያስሰማል። እዚህ የሚያስሰማው ወረቀት ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ሌስተርሸር ውስጥ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ባርዌል በምትባል ቦታ ፊዮና ፒልኪንግተን የምትባል እናት አካል ጉዳተኛ ልጇን ይዛ ትኖር ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ለዓመታት አሰቃዩአቸው። ቤታቸው ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ይሳደባሉ፣ በልጅቷ ያላግጣሉ። በእነዚያ ዓመታት ፖሊስ ዘንድ 33 ጊዜ አቤት ተብሏል። እናትየው በኦክቶበር 2007 ተስፋ ቆርጣ ራሷንም ልጇንም ለሞት ዳረገች። በ2009 የሞታቸውን ምክንያት የመረመረው ጁሪ የፖሊስና የካውንስል ጉድለት ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተናገረ። በ2011 የፖሊስ አቤቱታ ሰሚው ኮሚሽን ሪፖርት ሲያወጣ ያገኘው ነገር አንጀት የሚያሳርር ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው እንደ ተራ የልጆች ጥፋት ታይቶ ይዘጋ ነበር። ሠላሳ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ያየ አልነበረም።

እንግሊዞች ይህን ዓይነት ረብሻ በሕግ መያዝ የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው። የቶኒ ብሌር መንግሥት በ1998 ባወጣው ሕግ «አዝቦ» የሚባለውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አመጣ። በ2014 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣና አዝቦን ጨምሮ 19 የነበሩት መሣሪያዎች ወደ ስድስት ተጠቃለሉ። ዛሬ ከካውንስል በሚመጣ ደብዳቤ ላይ «ኤ.ኤስ.ቢ.» የሚል ፊደል ካያችሁ የሚያወራው ስለዚህ ነው። አንቲሶሻል ቢሄቪየር ማለት ነው። ይህ ሕግ የእንግሊዝና የዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ አላት።

ሕጉ ረብሻ የሚለውን እንደ ቦታው ይለካል። መንገድ ላይ ከሆነ ድርጊቱ ሰውን የሚያስፈራ፣ የሚያስጨንቅ ወይም የሚያዋክብ መሆን አለበት። ከመኖሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን መለኪያው ዝቅ ይላል። ቤታችሁ ውስጥ በሰላም እንዳትኖሩ የሚያውክና የሚያበሳጭ መሆኑ ይበቃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለፍላት ነዋሪ ግን ትልቅ ነው። «አላስፈራራኝም፣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ» የሚል ሰው አቤቱታ አለው ማለት ነው። እርግጥ በዚህኛው መለኪያ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ መጠየቅ የሚችሉት ካውንስል፣ ፖሊስ ወይም የቤት ማኅበር (ሃውዚንግ አሶሲዬሽን) ናቸው። የእናንተ ድርሻ እነሱን ማንቀሳቀስ ነው።

ታዲያ ረብሻን እንዴት እንለየው? አንዳንዱ ምንም አያከራክርም። በየሌሊቱ የሚጮኽ ሙዚቃ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ፣ ግቢ ውስጥ የሚጣል ሶፋና ፍራሽ፣ ደረጃ ላይ ዕፅ መሸጥ፣ በሞተር ብስክሌት እግረኛ መንገድ ላይ መጋለብ። መናፈሻ ውስጥ ተበትነው የምታዩአቸው ትንንሽ የብረት ቆርቆሮዎችም አሉ። የሳቅ ጋዝ የሚባለው ነው። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ለስካር ብሎ መያዙ ራሱ ወንጀል ሆኗል።

አንዱ ዓይነት ግን ጸጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ብቻውን የሚኖር አዛውንት፣ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ጎረቤት ቤት ድንገት እንግዳ ሰዎች መመላለስ ይጀምራሉ። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። ሰው ይገባል፣ በሁለት ደቂቃ ይወጣል። ባለቤቱ አይታይም። ቢታይም ከስቷል፣ ዓይን ለዓይን አያይም። ዕፅ አዘዋዋሪዎች ደካማ ሰው ፈልገው ቤቱን ይቀሙታል። ፖሊሶች «ኩኩዊንግ» ይሉታል። እዚህ ላይ ጎረቤቱ ረባሽ ሳይሆን ተጠቂ ነው። አቤቱታው ሲቀርብም እንዲህ ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል። «ቤቱን ዝጉልኝ» ከማለት «ሰውዬውን ሳያስገድዱት አልቀሩም» ማለት ሌላ በር ይከፍታል። ቤቱን ለመዝጋት ሳይሆን ሰውዬውን ለመጠበቅ ይመጣሉ። አስፈላጊ ሲሆን ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይገባ ማዘዝ ይችላል።

በሌላ በኩል የሚያናድድ ሁሉ ረብሻ አይደለም። የሕፃን ለቅሶ፣ ከላይ የሚሰማ የእግር ኮቴ፣ የወጥ ሽታ፣ ልጆች በቀን ኳስ ሲጫወቱ፣ አንድ ቀን የተደረገ የልደት ድግስ፣ የመኪና ማቆሚያ ጭቅጭቅ። ካውንስሎች እነዚህን አይቀበሉም። አሮጌ ፍላት ከሆነ ደግሞ ወለሉ ራሱ ድምፅ ያሳልፋል። ያኔ ጥፋቱ የጎረቤት ሳይሆን የሕንፃው ነው። መክሰስ ካለባችሁ የጥገና ጥያቄ ይሁን።

እዚህ ላይ ስለራሳችንም እናውራ። የገና ዋዜማ ለእኛ ጃንዋሪ 6 ነው። ለጎረቤት ግን ተራ የሥራ ቀን ነው። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ዶሮ ወጥ ፊት ቀርቦ ዘፈን ሲከፈት ከታች ያለው ሰው በጠዋት 6 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር) የአውቶቡስ ፈረቃ ሊገባ ነው። ልቅሶ ቤት ሲሆን ሠላሳ ሰው በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። (ቡና ሲቆላ የጭስ አላርም መጮኹን አልቆጥርም፤ እሱ የሁላችንም የጋራ ዕጣ ነው።) ይህ ሁሉ በሕግ ረብሻ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን አስቀድሞ በር አንኳኩቶ «ነገ በዓላችን ነው፣ ይቅርታ» ማለት ግን ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል።

ስለ ጫትም ሳላነሳ አላልፍም። እስከ ጁን 2014 ድረስ በየሱቁ በግልጽ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዕፅ ሕግ ክላስ ሲ ውስጥ ነው። ከላይ ያነሳሁት የሳቅ ጋዝ ያለበት ተርታ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መቃምን እንደ ተራ ጨዋታ የሚያይ ሰው ጎረቤቱ ሲደውል «ዕፅ የሚወሰድበት ቤት» ተብሎ እንደሚመዘገብ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ለማን ይነገራል የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ድብደባ ወይም ዛቻ እየተፈጸመ ከሆነ 999 ነው። ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። ያለቀ ነገር ከሆነ፣ ወይም ዕፅ ንግድና ሥርዓት የለሽ መንዳት የመሰለ ከሆነ 101 ነው። 101 ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። የድምፅ፣ የቆሻሻና የውሻ ጉዳይ ለፖሊስ ቢደወል ወደ ካውንስል ነው የሚመልሳችሁ። ረባሹ የካውንስል ወይም የቤት ማኅበር ተከራይ ከሆነ ደግሞ የቤቱ አከራይ ራሱ ግዴታ አለበት። ተከራይቶ የገባበት ውል ውስጥ ጎረቤት አለማወክ ተጽፏል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግር ከሆነ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ማለት ብቻ ይበቃል። በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ።

ነገሩ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በአገር ምክንያት ከሆነ ያንን መጀመሪያ ላይ ተናገሩት። «ጎረቤቴ ይሰድበኛል» ተብሎ የተመዘገበና «ጥቁር ስለሆንኩ ይሰድበኛል» ተብሎ የተመዘገበ እኩል አይሄዱም። ስቲቨን ሎረንስ የተባለው ጥቁር ወጣት በዘረኞች ከተገደለ በኋላ በ1999 የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት አንድ መርህ ተክሏል። ተጎጂው ወይም ሌላ ሰው ዘረኝነት ነው ብሎ ካየው ፖሊስ እንደዚያው አድርጎ መመዝገብ አለበት። በዚያች ሰዓት ማስረጃ አቅርቡ አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማስታወሻ ያዙ። ካውንስል ብዙ ጊዜ የረብሻ መመዝገቢያ ቅጽ ይልካል። ካልላከም ተራ ደብተር ይበቃል። «ሁልጊዜ ይረብሻል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው (ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር)፦ «ማክሰኞ ማታ 11፡40 ሙዚቃ ተጀመረ። ባሱ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠው ነበር። 2፡15 ላይ ቆመ። ልጄ እስከ 3 ሰዓት አልተኛችም። ጠዋት ትምህርት ቤት አርፍዳ ገባች።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰው ይዘላቸዋል። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ነው፤ ነገሩ እናንተ ላይ ምን አደረሰ?

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ጣጣ አለ። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ። በአማርኛ ስታስቡ «ሌሊት 8 ሰዓት» ያላችሁት እነሱ ዘንድ የጠዋት 8 ሆኖ ይገባል። በጠዋት 8 ሰዓት ሙዚቃ መስማት ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም። ቀኑንም እንዲሁ በፈረንጅ።

ስትደውሉ የጉዳይ ቁጥር ጠይቁና ደብተሩ ላይ አስፍሩ። የሚቻል ከሆነ በስልክ ያላችሁትን በኢሜይል ድገሙት። ብዙ ካውንስሎች «ዘ ኖይዝ አፕ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ይጠቀማሉ። 30 ሰከንድ ቀድቶ በቀጥታ ጉዳዩን ለያዘው የካውንስል መኮንን ይልካል። ካሜራ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከራሳችሁ በር አልፎ የጎረቤትን በር ወይም የጋራ መተላለፊያ የሚቀዳ ካሜራ የግል መረጃ ሕግ ያርፍበታል። ከሳሽ ሆኖ ገብቶ ተከሳሽ ሆኖ መውጣት አለ።

ድምፅን በተመለከተ ሰው «ከማታ 5 ሰዓት በፊት እንደፈለገ መጮኽ ይችላል» ይላል። በእነሱ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህ ከፊሉ ብቻ እውነት ነው። በ1996 የወጣው የድምፅ ሕግ ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 7 (በእነሱ ሰዓት) የተወሰነ የዴሲቤል ልክ ያስቀምጣል። አካባቢው ጸጥ ያለ ከሆነ ልኩ 34 ዴሲቤል ነው። በሹክሹክታ የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ውጭ ያለውን ደግሞ የ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ይይዘዋል። እሱ በቀን በሌሊት አይለይም፣ የዴሲቤል ቁጥርም የለውም። መኮንኑ ቤታችሁ መጥቶ በጆሮው ይመዝነዋል። ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ሰዓት፣ በምን ሰዓት የሚለውን ያያል። ከዚያ የማስቆሚያ ትእዛዝ ይጽፋል። ትእዛዙ ከተጣሰ ክስ ይመጣል፣ ስፒከሩም ተወስዶ ሊሄድ ይችላል። ካውንስሉ እምቢ ካለ ተጎጂው ራሱ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለዚህም ቢሆን ያ ደብተር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ መንገድ እያለ ለምን ዝም እንላለን? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እየተባለልን አድገናል። ጎረቤት መክሰስ ነውር ነው። ግን የምር ስናወራ ነውሩ ብቻ አይደለም። ፍርሃትም አለ። «ማን እንደተናገረ ያውቁብኛል» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። በስድስት ቤት ደረጃ ላይ ማን እንደደወለ መገመት ከባድ አይደለም። ስለዚህ ስትደውሉ «ስሜ እንዳይነገር፣ ዩኒፎርም ለብሳችሁ ቤቴ አትምጡ» ማለት ትችላላችሁ። የወንጀል ጥቆማ ከሆነ ክራይምስቶፐርስ አለ። 0800 555 111። የበጎ አድራጎት ድርጅት እንጂ ፖሊስ አይደለም። ስም አይጠይቅም፣ ስልክም አይከታተልም። የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ወደ ፖሊስ ለመደወል የሚያመነታው በከንቱ አይደለም፤ መረጃው ወደ ሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት) ሊሻገር ይችላል። ለእሱ ይህ መስመር ይሻለዋል። ጉዳቱ ግን ስም ስለሌለው ተመልሶ «ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ቤት የገዛ ሰውም የራሱ ስሌት አለው። ቤት ሲሸጥ ሻጩ የሚሞላው ቅጽ ከጎረቤት ጋር ክርክር ወይም አቤቱታ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። መዋሸት ኋላ ካሳ ያስከፍላል። በዚህ ምክንያት ዝም የሚሉ አሉ። አልፈርድባቸውም። በበኩሌ ግን በአንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት እየተኛሁ የቤቴን ዋጋ አልጠብቅም።

ሽምግልና የሚወድ ሰው ደግሞ እዚህም ያገኛል። ብዙ ካውንስሎች ገለልተኛ አስታራቂ በነፃ ያቀርባሉ። ሁለቱም ወገን ከፈቀደ ብቻ ነው የሚሆነው። ለሙዚቃና ለውሻ ጥሩ ነው። ዛቻ ወይም ዕፅ ባለበት ግን ታረቁ ብሎ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ተጎጂውን ማጋለጥ ነው። «ላስታርቃችሁ» የሚል መኮንን ቢመጣ እምቢ ማለት መብት ነው።

ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ፣ እስካሁን ያላነሳሁት አንድ መብት አለ። ኤ.ኤስ.ቢ. ኬዝ ሪቪው ይባላል። ድሮ ኮሚዩኒቲ ትሪገር ይሉት ነበር። ያ የ2014ቱ ሕግ ያመጣው ነው፤ የ33ቱ ጥሪ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አቤት ብላችሁ በቂ እርምጃ ካልተወሰደ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። መስፈርቱን እያንዳንዱ አካባቢ ያወጣዋል፣ ከሦስት አቤቱታ በላይ መጠየቅ ግን አይፈቀድለትም። ግምገማው ሲጠራ ካውንስሉ፣ ፖሊስ፣ የጤና ተቋሙና የቤት ማኅበሩ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። እስካሁን ምን አደረጋችሁ ተብለው ይጠየቃሉ። ውጤቱንም ለእናንተ መጻፍ አለባቸው። ራሳችሁ መሙላት ከከበዳችሁ በፈቃዳችሁ ልጅ፣ ጓደኛ፣ ካውንስለር ወይም የፓርላማ አባል ሊያመለክትላችሁ ይችላል።

ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ አቤቱታ ድርጊቱ በተፈጸመ በአንድ ወር ውስጥ የቀረበ መሆን አለበት። ስድስት ወር ችሎ፣ ሆዱ ሲሞላ ሁሉንም በአንድ ቀን የሚዘረግፍ ሰው እንደ አንድ አቤቱታ ይቆጠርበታል። እኛ ደግሞ የምንታወቀው ችለን ችለን አንድ ቀን በመፈንዳት ነው።

ደብዳቤው ወደ እናንተ ቤት ቢመጣስ? ይህም ይደርሳል። የፈረንጅ ደብዳቤ ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ከሁሉም የከፋው ነው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ መልስ ጻፉለት። በዓል ነበር፣ ልቅሶ ነበር፣ አይደገምም። የማስቆሚያ ትእዛዝ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 21 ቀን ነው። ትእዛዙን ጥሶ ፍርድ ቤት የተፈረደበት የካውንስል ተከራይ ቤቱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። በዚያ ምክንያት የቀረበ የማስለቀቅ ጥያቄ ዳኛው «ልጆች አሉት» ብሎ በቀላሉ የሚያልፈው አይደለም። ምክር የሚሰጡት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ሼልተር ዘንድ ደብዳቤውን ይዞ መሄድ በነፃ ነው። ፖስታው ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ።